ዶሮዎቹ የበሉት ድፎ

አስያ ከማለዳ ጀምራ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ቆየችና የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሲገባት፣ "ይሄም ሰፈር ተባለ!" አለች። ከዶሮዎቿ በቀር የሰማት አልነበረም። ዶሮዎቹም እህል የምትጥልላቸው መስሏቸው እግሯ ሥር ተሰበሰቡ።

ነሐሴ ነው። ጭላሎ ጉም ውስጥ ገብቶ ከቀረ ሰንብቷል። ኮብልስቶኑ መሀል ውሃ ተኝቷል፤ የጋሪ ፈረስ ባለፈ ቁጥር ጭቃው አጥሯ ድረስ ይረጫል። ልጇ ሙቢና ከወለደች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ሸነን ነው። በሸነን ቀን የሰፈሩ ሴት ሁሉ መጥታ ከአራሷ ጋር ከአንድ ገበታ ገንፎ ትበላለች። ለሸነን ደግሞ ሰው አይጠራም። ለሠርግ ይጠራል፣ ለሰደቃ ይጠራል፤ ሸነን ግን ሰምቶ መምጣት ነው። ሰው እየዞረች ጠርታ ሸነን ያደረገች ሴት፣ ሰው እንደሌላት በገዛ አፏ ተናገረች ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን ይሄኔ ደጃፉ በጫማ ተሞልቶ ነበር። አጠገቧ ፋጡ ነበረች። በሁለቱ ግቢ መሀል የቅንጭብ አጥር፣ በአጥሩ መሀል ደግሞ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር። በዚያ ቀዳዳ እሳት፣ ወንፊት፣ ሐሜትና ትኩስ ቂጣ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ፋጡ ቦታዋን ለሙንተሲር ሸጠችና ከተማው ዳር ሄዳ ቤት ሠራች። ሙንተሲር የስንዴ ነጋዴ ነው። በስንዴ ያገኘውን ብር ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ገዝቶበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አቆመ። አስያ ያንን ሕንፃ ባየች ቁጥር የፀሐይ መነጽር አድርጎ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጎረምሳ ትዝ ይላታል። አንድ ቀን ተንዶ ቤቷ ላይ እንደሚወድቅ ደግሞ ቅንጣት አትጠራጠርም። የሚወድቅበትን ሰዓት ብቻ ነው የማታውቀው።

ከሕንፃው ምድር ቤት ሰሎሜ የምትባል ልጅ ካፌ ከፍታለች። በርገር ትሸጣለች። አስያ በርገሩን አንድ ቀን በመስኮት አይታዋለች፤ ዳቦ ውስጥ የተደበቀ የእንቁላል ጥብስ ነው። እንቁላሉ ምን ሠርቶ እንደተደበቀ አላህ ይወቅ። ከፎቅ ላይ ያሉት ተከራዮች ከየአገሩ ተመድበው የመጡ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፣ ወጣቸውን በባጃጅ ያስመጣሉ፣ ሽሯቸውን በላስቲክ ታሽጎ ይገዛሉ። ሽሮ ተገዝቶ! አስያ ይሄን የሰማች ቀን ራሷን አሟት ተኝታለች።

የሙንተሲር ሚስት ፈይሩዛ ደግሞ ሌላ ናት። ቤቷ ውስጥ በነጭ ካቢኔት የተሞላ ወጥ ቤት አላት። የካቢኔቱ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠም። ፈይሩዛ የምታበስለው ከሕንፃው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር፣ በከሰል ነው። ነጩ ወጥ ቤት ለእንግዳ ይታያል፤ ወጡ ግን ከቆርቆሮው ሥር ነው የሚመጣው።

እንዲህ ያሉት ሰዎች ለሸነን ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ባይመጡ ደግሞ ለአስያ ግድ አልነበራትም፤ ሀጂራ ባትኖር።

ሀጂራ የሙቢና አማት ናት። ሳጉሬ ትኖራለች፤ ላሞች አሏት፣ መሬት አላት፣ አፍም አላት። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች፤ ይሄንን ሀጂራም አልከለከለችም። ነገር ግን ሙቢና በኦፕራሲዮን በወለደች በማግስቱ ለአስያ ስልክ ደወለችና፣ እንደ አገሯ ወግ ‘የሙቢና እናት’ ብላ በልጇ ስም እየጠራቻት እንዲህ አለች፦

"ሃዳ ሙቢና፣ ለሸነን እመጣለሁ። ልጅቷ እዚያ ሰው ካላት አርባ ቀኗን እናቷ ጋ ትጨርስ፤ እሰየው ነው። ሰው ከሌላት ግን እኔ ቤት ዘመድ ሞልቷል። ይዣት እሄዳለሁ። አራስ ብቻዋን አትጣልም።"

የሙቢና ባል ሰኢድ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከዚህ የቢራ ገብስ ጭኖ ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላ ጭኖ ይመጣል። እሱ ተጠየቀና "እናቴ ያለችው ይሁን" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ወንድ ልጅ የሚያስፈልግበት ቀን ሁሌ መንገድ ላይ ነው።

አስያ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። የሳጉሬ መንገድ ልጇን እያንገጫገጨ ስፌቷን ሲፈታው ታያለች። የሳጉሬ ብርድ ገና ስም ያልወጣላትን ሕፃን ደረት ሲይዛት ታያለች። የሀጂራ ጥጆች አራሷ አልጋ ሥር ሲተኙ ታያለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ስልክ ይደወላል፤ እሷ "ምን ሆኑ?" ትላለች፤ ማንም አይመልስላትም። ይሄንን ሁሉ ሽንኩርት እየላጠች ነው የምታየው፤ ለማልቀስ ምክንያት ስለማይጠፋ።

"እማ፣" አለቻት ሙቢና ከአልጋዋ ላይ ሆና። በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛለች። "ምናለ እነ ፈይሩዛን ብትጠሪያቸው?"

"ለሸነን ሰው አይጠራም!"

"ድሮ ነዋ። አሁን ሰው በቴሌግራም ነው የሚጠራራው።"

"እንግዲያው ገንፎውንም በቴሌግራም ይብሉት!"

"መምህርት ተናኘወርቅንስ? ከፎቁ ስትወርድ ባገኘችኝ ቁጥር ስሜን ጠርታ ነበር የምትጠይቀኝ። እርጉዝ እያለሁ ዕቃዬን ተሸክማልኛለች። ከፋሲካ ወዲህ ምን እንደሆነች እንጃ፣ ዓይኗንም አታሳየኝም።"

አስያ ማማሰያውን ይዛ ወደ ማድቤት ወጣች።

ስለ ፋሲካው ታውቃለች። የፋሲካ ለት ያቺ መምህርት በአንዲት ልጅ እጅ ልካ ነበር፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት ሳህን ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ድፎ ዳቦ። አስያ "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለችና በሩን ዘግታ ማሰብ ጀመረች። ይሄ ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋ ዛሬ የክርስቲያን ሥጋ ቆርጦ ቢሆንስ? ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ብታየው ድፎው ሙሉ ነው፣ ቢላዋ አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ያርፍ ነበር። የአስያ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አያርፍም። ብረት ድስቱ የተቀባው ምንድን ነው? ቅባቱ ከምን ይሆን? ደግሞስ ሰው ሳይተዋወቅ ዳቦ የሚላላከው ምን ፈልጎ ነው? ስታስብ ስታስብ ቆየችና ከማድቤት ጀርባ ሄዳ ድፎውን ቆርሳ ለዶሮዎቿ በተነችላቸው። ሳህኑን አጥባ ባዶውን መለሰች። የተላከ ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቆሎ ልታደርግበት አስባ፣ "ከለመደች በየበዓሉ ልትልክብኝ ነው" ብላ ነው የተወችው።

ገንፎውን አገነፋች። የገብሱን ዱቄት ራሷ ነበር ያስፈጨችው፤ ቅቤውንም ራሷ ነበር ያነጠረችው። ትልቁን የእንጨት ገበታ አውርዳ አጠበችና ገንፎውን ጉብ አድርጋ፣ መሀሉን ጎድጉዳ በርበሬና ቅቤ ሞላችበት። ሃያ ሴት የሚያጠግብ ነበር። ከጨረሰች በኋላ እንደገና በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። አንድ ሰው ብቻ አየች። እሷም ሀጂራ ነበረች።

ሀጂራ ከባጃጅ ስትወርድ ባጃጁ ወደ ላይ ከፍ አለ። በአንድ እጇ ቅቤ የሞላ ቅል፣ በሌላው ከረጢት ይዛለች። ባጃጅ ነጂውን "ሂድና ከዙሁር ሶላት በኋላ ተመለስ፤ አራስ ስለምንጭን ሰው እንዳትደርብ!" አለችው። አስያ ሰማችው። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ባጃጁ ተቀጠረ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሃዳ ሙቢና። እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን። ይግቡ፣ ይግቡ ከጭቃው።"

ሀጂራ ገባች። መጀመሪያ ሕፃኗን አየች፤ ቀጥሎ ሙቢናን ግንባሯን ሳመቻት፤ ቀጥሎ ቤቱን ዞር ብላ ቃኘችው። ፍራሾቹ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፈዋል። ፍራሾቹ ላይ ሰው የለም። ገበታው መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ገበታው ዙሪያም ሰው የለም። ሀጂራ አንዱን ፍራሽ ብቻዋን ሞልታ ተቀመጠችና፦

"ማልጄ መጣሁ መሰለኝ፣" አለች።

"ኧረ አይደለም። ዝናቡ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይመጣሉ።"

ዝናቡ አባራ። ማንም አልመጣም። ከምድር ቤቱ ካፌ ሙዚቃ ይሰማል፤ አንድ ባጃጅ ለፎቁ ሰው ምሳ አድርሶ ተመለሰ። የገንፎው ቅቤ ዳር ዳሩን መርጋት ጀመረ።

"እኛ አገር፣" አለች ሀጂራ ቅቤውን እያየች፣ "የዚህች ባሏ ሲወለድ ሴቱ ቤት ውስጥ አልበቃ ብሎ ከበረት ነበር የተቀመጠው። ዝናብም ነበር።"

"የከተማ ሰው ሥራ ይበዛበታል።"

"አየሁት። ስመጣ እኮ ፎቁን አየሁት። ስንት መስኮት ነው ያለው! እኔማ በየመስኮቱ አንድ ሴት ብትኖር ይሄ ገንፎ አይበቃም ብዬ ፈርቼ ነበር።" ሳቅ አለች። ከረጢቷን ከፍታ ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣችና ሙቢና አልጋ ጫፍ ላይ አደረገችው። "ይሄ ለመንገድ ነው፣ ልጄ። ልብሶችሽን ሰብስቢ። ቀስ ብለሽ።"

ሙቢና እናቷን አየቻት። አስያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጨው ላመጣ ነው፣" አለች። "ገንፎው ጨው አንሶታል።"

"ሳይቀመስ እንዴት አወቅሽ?" አለቻት ሀጂራ። አስያ ግን ወጥታለች።

በሙንተሲር ግቢ የብረት በር የገባችው በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ፈይሩዛን ያገኘቻት ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ዓይኗ በጭስ እያለቀሰ ከሰል ስታራግብ ነው። አስያን ስታይ ማራገቢያውን ጥላ ተነሣች፤ እጇን ይዛ እየጎተተች በሳሎን በኩል ነጩ ወጥ ቤት ውስጥ አስገብታ አቆመቻት። ካቢኔቱ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ያብረቀርቃል። መታጠቢያው ውስጥ የሕፃን ጫማ ተዘፍዝፏል።

"እዚህ ነው የማበስለው፣" አለች ፈይሩዛ ጥላሸት ፊቷ ላይ እንዳለ።

"ማሻአላህ፣" አለች አስያ።

"ምነው በሰላም ነው? እርስዎ እኛ ቤት ገብተው አያውቁም እኮ።"

"ዛሬ... የሙቢና ሸነን ነው።"

"አውቃለሁ። ጠዋት ልነሣ ብዬ ነበር።" ፈይሩዛ ጣቶቿን ካቢኔቱ ላስቲክ ላይ ታንሸራትት ጀመር። "ግን ሴቶቹ ተናኘወርቅ ካልሄደች አንሄድም አሉ። የሕንፃው ሴቶች ቡና የምንጠጣው እሷ ቤት ነው። እሷ ያዘነችበት ቤት እኔ ብቻዬን ብሄድ ነገ ምን ይሉኛል?"

"በምን አዘነችብኝ?"

"እሱን እሷን ይጠይቋት፤ እኔ ነገር አላመላልስም፣" አለች ፈይሩዛ። በከተማው ውስጥ እንደ እሷ ነገር የሚያመላልስ ግን አልነበረም።

አስያ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ደረጃው የአንዱ ከፍታ ከአንዱ ይለያል፤ ሙንተሲር ደረጃ የሚሠራለት ሰው ሲፈልግ በርካሽ የሚሠራውን እንደመረጠ በእግሯ አወቀች። ግድግዳውን ተደግፋ ስትወጣ፣ ወድቃ ስትሞት፣ ሀጂራም ለቀብሯ እንኳ ሳትቆይ ሙቢናን ጭና ስትሄድ ታያት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትኩስ ዳቦ ሸተታት። ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። በሩን አንኳኳች።

ተናኘወርቅ ከጎጃም ተመድባ የመጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ቀጭንና ረጅም ናት። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች መሆን አለበት፣ ነጠላዋን አላወለቀችም። አስያን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ተማሪ አርፍዶ ሲመጣ እንዲሁ ሳታየው አትቀርም።

"ይግቡ።"

"አይ፣ አልገባም። ቸኩያለሁ።"

"እንግዲያው እዚያው ይቁሙ።"

አስያ እዚያው ቆመች። "ልጄ ወልዳለች።"

"ሰምቻለሁ። ሕፃኗ ስታለቅስ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጤነኛ ልጅ ናት።"

"ዛሬ ሸነን ነው። ሸነን ማለት እኛ ጋ..."

"አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው ሳይጠራ የሚሄድበት ነው አይደል?" ተናኘወርቅ እጇን አጣምራ በሩን ተደገፈች። "ታዲያ እርስዎ ምን ሊያደርጉ መጡ?"

አስያ ነጠላዋን ጎተተች።

"ለፋሲካ የላክሁልዎት ድፎ እንዴት ነበር?" አለች ተናኘወርቅ።

"ኧረ ጥሩ ነበር! አላህ ይስጥልኝ። ለስለስ ያለ፣ የበሰለ..."

"ዶሮዎቹም በጣም ነው የወደዱት።"

ወደ ውስጥ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው። አስያ ሳታስበው ገብታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከመስኮቱ ሥር አንድ ግቢ ይታያል። ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ነፋስ እንዳይወስደው የተቀመጠ ድንጋይ፣ አጎንብሳ የቆመች ማድቤት፣ ጭቃ ውስጥ የሚጭሩ ዶሮዎች። "የየትኛዋ ምስኪን ቤት ይሆን!" ልትል ስትል ገመዱ ላይ የተሰጣውን የሕፃን ጨርቅ አወቀችው። ከማድቤቷ ጀርባ ማንም አያየኝም ብላ ያደረገችው ሁሉ፣ እህል ስትሰርቅ የመታቻት ዶሮ ሳይቀር፣ ከዚህ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ይታይ ኖሯል።

"ቢላዋው መስሎኝ ነው፣" አለች በመጨረሻ። "ሥጋ የነካ ቢላዋ..."

"ሙሉ ነበር እኮ። ቢላዋ አልነካውም።"

"ቅባቱስ..."

"ዘይት ነው። ከከዲሮ ሱቅ የገዛሁት። ከዲሮ ከመስጊድ ሲመለስ ነው ቀድቶ የሰጠኝ። ከዲሮንም ይፈሩታል?"

"እኔ ሁሉንም ነው የምፈራው፣" አለች አስያ። በስንት ቀን የተናገረችው እውነት ይሄ ብቻ ነበር። "አማቷ መጥታለች። ቤቱን ባዶ አየችው። ልጄን ሳጉሬ ልትወስድብኝ ባጃጅ ቀጥራለች። እኔ ጨው ላመጣ ብዬ ነው የወጣሁት።"

ተናኘወርቅ መጋረጃውን መለሰችው። ፊቷ ላይ ርኅራኄ ቢኖር አስያ ታይ ነበር፤ አልነበረም። "እኔ ለእርስዎ ብዬ የምረግጠው ደጃፍ የለም፣" አለች። "ደግሞም ፍልሰታ ነው። ያ ቅቤ የሞላ ገንፎ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"

ፍልሰታ! አስያ ከነጭራሹ አላሰበችውም። ከሕንፃው ሴት ግማሹ የማይበላውን ምግብ ሠርታ አልመጡልኝም ብላ ስትሳደብ ነው የዋለችው።

"ይሂዱ አሁን፣" አለች ተናኘወርቅ፣ በሩን ይዛ። "ጨው ሊገዙ ወጥተው ከሆነ ይዘው ይግቡ፤ ባዶ እጅ አያምርም።"

አስያ ባዶ እጇን ገባች። ሀጂራ ጓዙን አስራ ጨርሳለች። ሙቢና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያሰረች ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ጨዉስ?" አለች ሀጂራ።

"አልቋል።"

"በከተማው ሁሉ?" ሀጂራ ተነሣች። "ሃዳ ሙቢና፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ልጅቷ ትታመምና ማን ይደርስልሻል? መስታወቱ ይደርስልሻል? ይሄ ፎቅ 'አይዞሽ' ብሎሽ ያውቃል?"

ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። አስያ የልጇን ጫማ ከአልጋው ሥር ለማውጣት ጎንበስ አለች፤ እንደ ጎነበሰች ቀረች። ስለዚህ መጀመሪያ ያየችው እግር ነው። ደጃፉ ላይ ጭቃ የነካው ነጭ ሸበጥ፣ ከኋላው ሌላ ጫማ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ።

"እንዴት ዋላችሁ፣" አለች ተናኘወርቅ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሙቢና።"

አስያ ደንግጣ ወደ ሀጂራ ዞረች። ሀጂራ ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ "አሚን! አሚን ልጄ!" አለች። ለልጇ ሚስት ከተመረቀላት በማን ስም እንደሆነ የምትመረምር ሴት አልነበረችም።

ከተናኘወርቅ ኋላ ፈይሩዛ ገባች፤ ፊቷን ታጥባለች። ሰሎሜ ገባች፤ በርገር የሚመስል ነገር በላስቲክ ይዛለች። ከዚያ አስያ አንድም ቀን ስማቸውን ጠይቃ የማታውቃቸው ሴቶች፣ አንዷ ሕፃን አዝላ፣ አንዷ የቢሮ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ እየተጋፉ ገቡ። ፍራሾቹ ሞሉ። ባጃጁ ውጭ ሲጮህ ሀጂራ ብቅ ብላ "ዝም በል፣ ሰው ቤት ነው ያለነው!" ብላ ተቆጣችው።

ገንፎው ማድቤት ተመልሶ ሞቀ። ፈይሩዛና ሙስሊሞቹ ሴቶች ሙቢናን መሀል አድርገው ገበታውን ከበቡ። ፈይሩዛ ከነጩ ወጥ ቤቷ ወጥቶ የማያውቅ ገንፎ አግኝታ እስከ ክንዷ በቅቤ ራሰች። ጿሚዎቹ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አስያ ምን እንደምትሰጣቸው ጨነቃት። ሻይ ላፍላ ስትል ተናኘወርቅ ነጠላዋን ገልጣ ደብቃ ያመጣችውን አወጣች። ሰማያዊ አበባ ያለበት ሳህን ነው። ሳህኑ ላይ ድፎ አለ፤ ሙሉ፣ ትኩስ፣ ኮባው ያልተላጠ።

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ያላወቁት ሀጂራና ሙቢና ብቻ ናቸው።

"ቢላዋ አላመጣሁም፣" አለች ተናኘወርቅ። ሳህኑን አስያ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። "በራስዎ እጅ ይቁረሱት። መጀመሪያ ለራስዎ።"

ዶሮዎቹ ዳቦ ሸትቷቸው ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ደጃፉ ላይ ተሰለፉ። አንዷ፣ ቀይዋ፣ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች። አንዷ ሴት ሳቋን ለመዋጥ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰሎሜ አልቻለችም፣ "ውይ!" ብላ ፈነዳች።

"ይቺ ዶሮ ለምዳለች ልበል?" አለች ሀጂራ።

አስያ ኮባውን ላጠች። ቆረሰች። እንፋሎቱ ፊቷን መታው። የሴቱ ሁሉ ዓይን እጇ ላይ ነው፤ የዶሮዋም ዓይን። ቢስሚላህ ብላ አፏ ውስጥ አደረገችው። ሲወርድ ምን እንደሚሆን ጠበቀች። ምንም አልሆነም። ጥቁር አዝሙዱ ጥርሷ ሥር ተሰበረ፤ ዳቦው ለስላሳ ነበር፣ ፋጡ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ያለ ዳቦ ቀምሳ አታውቅም። ይሄንን ግን ለተናኘወርቅ ልትነግራት አይደለም።

"ጨው አንሶታል፣" አለች።

"ጨው አልቋል ብለሽ የለ፣ በከተማው ሁሉ!" አለች ሙቢና ከገበታው ጋ ሆና። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ተናኘወርቅም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ የሚያሳይ እንጂ ይቅር ያለ ሳቅ አልነበረም። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ድረስ ዓይኗን ከአስያ እጅ ላይ አላነሣችም። አስያ ጉልበቷ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ እንኳ በጣቷ ጫፍ ለቅማ በላችው። ቀይዋ ዶሮ ተስፋ ቆርጣ ወጣች።

ሀጂራ እጇን ዘርግታ አንድ ቁራሽ አነሣች። በላች። ሌላ ደገመች። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ባለ መታወቂያዋን፣ ባለ በርገሯን፣ መምህርቷን። ከእነዚህ ውስጥ አንዷም ሳጉሬ ብትመጣ ላም ማለብ እንደማትችል ልቧ ያውቃል። ቢሆንም ቃሏ ቃል ነው።

"ባጃጁን አሰናብቱት፣" አለች። "ጓዟን ፍቱ። ልጅቷ እስከ አርባ ቀኗ እዚሁ ትቆይ። ሰው አላት።" ቀጥላም ወደ አስያ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ "ሰዎቹ ግን የሚወዱሽ አይመስሉም፣" አለቻት።

"እኔስ እወዳቸዋለሁ አልኩ?" አለች አስያ።

ሀጂራ ማታ በሚኒባስ ሄደች። የተረፈውን ድፎ በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደች፤ ሳህኑን ግን ተወችው።

አሁን ያ ሳህን አስያ መደርደሪያ ላይ ነው። ባዶውን አይመለስም፤ እሱን ስህተት ሁለት ጊዜ አትሠራውም። ቆሎ ብታደርግበት መምህርቷ ንቃኛለች ትላለች። የሚገባው ጩኮ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ቅቤ ደግሞ ፍልሰታ እስኪፈታ አይላክም። እስከዚያ ድረስ ያቺ መምህርት "ድፎዬን ለዶሮ፣ ሳህኔን ለራሷ" እያለች ለሕንፃው ሁሉ እንደምታወራ አስያ በዓይኗ ያየች ያህል እርግጠኛ ናት። ስለዚህ በየጠዋቱ ለዶሮዎቿ እህል ስትበትን ሳህኑን ይዛ ትወጣለች። ከማድቤቱ ጀርባ ትቆምና፣ ሰማያዊ አበባው ከላይ በደንብ እንዲታይ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ሳታይ ታጥበዋለች።